ነጭ ብልጭታ

ሐሚዳ ሰይድ እንቅልፍ የወሰዳት ትመስል ነበር። በገዛ ክሊኒኳ፣ በሁለተኛው የሌዘር ክፍል ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ዐይኗ ላይ አረንጓዴ መነጽር አለ። ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ተሰብስቦ ሁለቱም እግሮቿ ነጭ ክሬም ተለቅልቀው በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልለዋል። አጠገቧ የቆመው ፍሪጅ የሚያህል ማሽን አልጠፋም፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ያበራሉ።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ክሊኒኩ ኢምፔሪያል ጋ፣ ቀለበት መንገዱን ቁልቁል ከሚያይ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ታች የታክሲ ረዳቶች «ገርጂ! ገርጂ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ላይ ሴቶች ያልፈለጉትን ፀጉር በብርሃን ያስጠፋሉ። በዚያ ጠዋት ግን ፎቁ ጸጥ ብሏል። አራት ሰዎች መተላለፊያው ላይ ሆነው በጎሪጥ ይተያያሉ።

«ማን ነው መጀመሪያ ያገኛት?» አለች ኢንስፔክተር አዝመራ።

«እሷ ናት» አለ ዶክተር ተስፋማርያም፣ የክሊኒኩ የቆዳ ሐኪም። ጣቱን ሚስኪ ላይ ቀስሯል። ሚስኪ የሌዘር ባለሙያዋ ናት፤ ከኮምቦልቻ መጥታ በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት የቆየች፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት። «ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር። ይህ ማደንዘዣ ክሬም ነው። ከሌዘር በፊት ሕመም እንዳይሰማ ይቀባል። በሰፊው ተቀብቶ በፕላስቲክ ከታፈነ ግን ወደ ደም ይገባና ልብ ያቆማል። አሥር ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።»

«ለማን ነው የተናገሩት?»

«ለእሷ ነዋ!»

«ወላሂ እኔ አልቀባኋትም!» አለች ሚስኪ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ እንዲህ ሆና ነው ያገኘኋት። በድና ነበር።»

«ክሬሙ ከየት መጣ?»

«ከእኔ ቁም ሳጥን። ቁልፉ ግን በሩ ላይ ነው የሚውለው፤ ሁሉም ያውቃል።»

ሁሉም የተባሉት እነዚሁ ናቸው። ከሐኪሙና ከሚስኪ ሌላ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ የምትሠራው የሟች ታናሽ እህት ሸሪፋ ወንበር ላይ ተጣጥፋ ታለቅሳለች። እጇ እስከ አንጓዋ በሂና አበባ ተስሏል፤ እሑድ ሙሽራ ናት። ትከሻዋን ደግፎ የያዛት እጮኛዋ ሐሩን ነው። የሌዘር ማሽን ከውጭ እያስመጣ የሚሸጥ፣ ሲበላሽም የሚጠግን፣ ንጹሕ ሸሚዝ የማይለየው ወጣት ነጋዴ። የሕንፃው ዘበኛ በበኩሉ ጠዋት የገባ የወጣ እንግዳ የለም ብሎ ምሏል፤ «የቤቱ ሰዎች ብቻ» አለ።

አዝመራ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አገጯ ላይ አንዲት ግትር ፀጉር አለቻት፤ በየጊዜው በወረንጦ ትነቅላታለች፣ እሷም እልህ ይዛ ትበቅላለች። ስታስብ ጣቷ ያቺን ፀጉር ፍለጋ ይወጣል። አብረዋት የሠሩ ሰዎች እጇ አገጯ ላይ ሲወጣ ወሬ ያቆማሉ።

አሁንም እጇ ወጣ። በሩን ከውስጥ ዘግታ ከሟች ጋር ብቻዋን ሆነች። ፕላስቲኩን በጥንቃቄ ገለጥ አደረገች፤ ሥሩ ደረቅ ነው። ክሬሙ ግድግዳ ላይ እንደተለሰነ ኖራ ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ክሬም ያልነካው ጉልበት ላይ በጓንቷ ጫፍ ዳበሰች፤ አንዲት ሻካራ ነጥብ የለበትም፤ ልስልስ ያለ ነው። ከዚያ የሟችን እጆች አየች። የአሥሩም ጣቶች ጫፍ በሂና ጠቁሯል። የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ግን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። በመጨረሻም ተንበርክካ የማሽኑን ጀርባ አየች። ላዩ አቧራ ለብሷል፤ የአራቱ ቡሎኖች ዙሪያ ግን ንጹሕ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ጻፈች፦ ኃይል አርባ፣ የምት ርዝመት ሦስት ሚሊሰከንድ፣ የዛሬ ምት ብዛት ዜሮ።

የጣቢያው አለቃ ግልጽ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ክሬሙ የሚስኪ፣ ክፍሉ የሚስኪ፣ አስከሬኑን ያገኘችው ሚስኪ፤ በዚያ ላይ ከሦስት ሳምንት በፊት ሮሃ የምትባል ደንበኛ ጉንጯ በሌዘር ተቃጥሎ የሚስኪ ስም ጎድፏል። ከቀትር በፊት ጣቢያ አስገቧት። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ በቸልተኝነት ሰው በመግደል። ከተፈረደባት እስሩ አንድ ነገር ነው፤ የሙያ ፈቃዷ ደግሞ ለዘለዓለም ይሄዳል።

መኪናው ውስጥ ስትገባ ሚስኪ ሁለት እጇን ዘርግታ አየቻቸው። «ከእነዚህ ሌላ ምን አለኝ?» አለች። ለማንም አልተናገረችም፤ አዝመራ ግን ሰማች።

ዓርብ ጠዋት አዝመራ ሁለት ስኒ ሻይ ይዛ ከሚስኪ ፊት ተቀመጠች።

«እስቲ አስተምሪኝ። እኔ ከወረንጦ ሌላ አላውቅም። ሐሚዳን ብትሠሪያት ኖሮ በስንት ቁጥር ትከፍቺው ነበር?»

ሚስኪ እንባዋን ጠረገች። ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ድምጿ ጸና። «እትዬ ሐሚዳ ጠይም ናት። ለጠይም ሰው ምቱን አረዝመዋለሁ፣ ሠላሳ ሚሊሰከንድ ገደማ፤ ቆዳው በመሀል ሙቀቱን እንዲያበርድ። ኃይሉንም ከዝቅተኛ ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ሞክሬ፣ ጠብቄ፣ አይቼ።»

«ሦስት ሚሊሰከንድ በአርባ ኃይልስ?»

«ማን እንደዚያ ያደርጋል? ማቃጠል ነው እኮ!»

«እግሯን ስትላጭ ምላጭ ነው የምትጠቀመው?»

ሚስኪ ቀና አለች። «ለሌዘር ቢሆን አዎ፣ መላጨት ነው ያለባት። ብርሃኑ የፀጉሩን ሥር ተከትሎ ነው የሚገባው፤ ከሥሩ ከተነቀለ የሚይዘው የለም። ግን እትዬ ሐሚዳ ለምን ሌዘር ትሠራለች? ማክሰኞ እኮ ቤታቸው ለሸሪፋ ሂና ብለን ሁላችን ሴቶች ተሰብስበን ፀጉራችንን በሐላዋ ከሥሩ ተነቃቅለናል። ስኳሩንና ሎሚውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። የእሷንም እግር የሠራሁት እኔ ነኝ። ከሐላዋ በኋላ አንድ ወር ካልሞላ ሌዘር አይነካም።»

«ይህን ትናንት ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አዝመራ ሻይዋን ፉት አለች። እውነቷን ነው፤ ማንም አልጠየቃትም። «ወንዶች ነበሩ ማክሰኞ?»

«ኧረ! በሴቶች ሂና ወንድ ምን ሊሠራ? እንደዚህ ያለ ነገር እንኳን ሊያዩ ሊሰሙም አይገባም።»

«ረቡዕስ? ሐሚዳ ምን አለችሽ?»

«ዶክተር በሮሃ ጉዳይ ጮኸብኝ። ‹ወይ እሷ ትባረር ወይ እኔ እሄዳለሁ› አለ። እትዬ ሐሚዳ ክፍሏ ጠራችኝ፤ ልታባርረኝ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ‹አዲሱ ማሽን ሲተኩስ ብርሃኑ ይታይሻል?› አለችኝ። ‹አዎ፣ በመነጽር ውስጥ እንኳ ነጭ መብረቅ ነው የሚመስለው› አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ‹ሂጂ ሥሪ፤ በአዲሱ ግን ማንንም እንዳትነኪ› አለችኝ። ምን እንዳጠፋሁ እስካሁን አልገባኝም።»

አዝመራም ገና አልገባትም። የሚገባውን ሰው ግን ታውቃለች። ከጣቢያው ወጥታ በቀጥታ ወደ ዶክተር ተስፋማርያም ሄደች።

ሐኪሙ ገና ከመቀመጧ አገጯን አየ። «ይህ በሆርሞን ሊሆን ይችላል። ቢመረመሩ…»

«እኔን ይተዉኝ። እኔና እሷ ተለማምደናል። ይልቅ የሌዘሩን ዓይነት ያስረዱኝ።»

መምህር መሆን የሚወድ ሰው ነው፤ ደስ አለው። «አሌክሳንድራይት ለቀላ ቆዳ ነው። ብርሃኑ ጥቁረት ይፈልጋል፤ የፀጉሩን ጥቁረት ከቆዳው አይለይም። ዳዮድ መሀል ላይ ነው። ለእኔና ለእርስዎ ዓይነት ቆዳ ግን ያግ ነው። ቆዳውን ብዙም ሳይነካ አልፎ ሥሩ ጋ ይደርሳል። ቀጠሮው ይበዛል፣ ያማል፣ ግን በአግባቡ ከተሠራበት አያቃጥልም። ከአራት ወር በፊት ሐሩን ያመጣልን ያግ ነው።»

«ታዲያ ሮሃን ምን አቃጠላት?»

«ቁጥር የማያውቅ እጅ!»

«ሚስኪ የሮሃን ቁጥር መዝገብ ላይ ጽፋለች። አይተውታል?»

ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ያስተካክል ጀመር። አላየውም።

«የያግ ብርሃን ምን ዓይነት ቀለም አለው?»

«ቀለም የለውም። ለዐይን አይታይም። አደገኛነቱም ለዚሁ ነው፤ ሳያዩት ዐይን ያጠፋል። ደንበኛ ጥቁር የብረት ሽፋን የምናደርገው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ የምንሠራበትን ማየት ስላለብን ባለቀለም መነጽር እናደርጋለን።»

«ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።» አንገቱ ቀላ። «ብጣላትም አልገደልኳትም። ሐሚዳ ደግ ሴት ነበረች።»

አዝመራ ደግ ሴት የገደሉ ብዙ ሰዎች ታውቃለች፤ ተነስታ ወጣች።

ሐሚዳ የተቀበረችው ዓርብ ከስግደት በኋላ፣ የአስከሬን ምርመራው እንዳለቀ ነው። ከሰዓት በኋላ አዝመራ ቦሌ ሚካኤል ለቅሶ ቤት ደረሰች። ለሠርጉ የታሰበው ምንጣፍ ለለቅሶው ተነጥፏል። ሸሪፋን ጓዳ ወስዳ አነጋገረቻት።

«ከእህትሽ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ዐይንሽ። ሐዘን ብቻ አይደለም ያለበት፤ ጸጸትም አለበት።»

ሸሪፋ የተሳሉ እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። «ረቡዕ ማታ ‹ሠርጉን በአንድ ወር ግፊው› አለችኝ። ምክንያቷን አልነገረችኝም። ‹ነገ ካረጋገጥኩ በኋላ እነግርሻለሁ› አለች። እኔ… ‹ባልሽ ስለሞተ በኔ ትቀኛለሽ› አልኳት። የመጨረሻ ቃሌ ያ ነው፣ ኢንስፔክተር። አላህ ይቅር ይበለኝ።» መተንፈስ እስኪያቅታት አለቀሰች። አዝመራ ጀርባዋን እያሻሸች ጠበቀቻት።

«ሐሙስ ለሐሩን የደወልሽለት መቼ ነው?»

«ሚስኪ ስትጮህ ሮጬ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያው ደወልኩ። ሳሊተ ምሕረት ድንኳን ሊያይ ሄዶ ነበር። አላህ ይስጠው፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ።»

አዝመራ ይህን ስትሰማ ማስታወሻዋን አልከፈተችም። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሳሊተ ምሕረት ኢምፔሪያል በአሥር ደቂቃ አምቡላንስም አይደርስም።

የሐሩን መጠገኛ እዚያው ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ነው። ከለቅሶው ወጥቶ የአንድ ክሊኒክ ማሽን ከፍቶ አገኘችው። «ሐዘን እጅ አያስፈታም፤ ደንበኛ ይጠብቃል» አለ፣ ያፈረ መስሎ። እጀታው ጎማ የሆነ የብረት ዘንግ ማሽኑ ሆድ ውስጥ አስገብቶ አንድ ቦታ ነካ አደረገ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ነው እጁን ያስገባው።

«ስልኳን አይቻለሁ፤ ሐሚዳ ረቡዕ ማታ ደውላልህ ነበር።»

«ስለ ድንኳኑ ነው። እህታችን ነገር ቶሎ ያስጨንቃት ነበር። ሚስኪ ላይ አይጨክኑ እባክዎ፤ አውቃ አይደለም። ሴትዮዋ ራሷ ናት ‹ለሠርጉ እግሬን ሥሪኝ› ያለቻት መሰለኝ።»

«እንደዚያ ይመስልሃል?»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ክሬሙ እግሯ ላይ ነው።»

አዝመራ አመስግናው ወጣች። ወደ መኪናዋ ስትሄድ አገጯን እየደባበሰች ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አራቱንም በሁለተኛው የሌዘር ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሚስኪ በፖሊስ ታጅባ መጣች። ፍርድ ቤት ለመቅረብ ሁለት ሰዓት ቀርቷታል። ዶክተሩ መስኮቱ ጋ ቆመ፤ ሸሪፋ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሐሩን ከጀርባዋ ሆነ፤ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ እንዲመጣ ተነግሮታል።

«ሚስኪ» አለች አዝመራ፣ «ሕያው ሰው ላይ ክሬም ቀብተሽ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ አንድ ሰዓት ብትጠብቂ ምን ታያለሽ?»

«ላብ። ፕላስቲኩ ሥር ውሃ ያቋጥራል። ክሬሙም ወደ ውስጥ ገብቶ ይሳሳል።»

«የሐሚዳ ደረቅ ነበር። ክሬሙም እንደተቀባ ነበር። ስለዚህ የተቀባችው ከሞተች በኋላ ነው። ክሬሙ አልገደላትም፤ ክሬሙ እኛን ለማታለል ነው።»

«ሁለተኛ፤ እግሯ። የቀባት ሰው ለሌዘር የተዘጋጀች ለማስመሰል ፈለገ። እግሯ ግን ማክሰኞ በሐላዋ ተነቅሏል። ይህን እዚህ ካላችሁት ማን ያውቃል?»

«እኔ» አለች ሸሪፋ።

«እኔም» አለች ሚስኪ።

«ሁለታችሁም እግሯን ለሌዘር አታዘጋጁም። እንደዚያ ቢደረግ እንደሚያስቅ ታውቃላችሁ። ሊሳሳት የሚችለው ማክሰኞ በዚያ ቤት ያልነበረ ሰው ነው። ከእናንተ መሀል ያልነበሩት ሁለት ወንዶች ናቸው።»

መስኮቱ ጋ ያለውና ወንበሩ ጀርባ ያለው ተያዩ።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ሐኪም ነኝ…» ጀመረ ዶክተሩ።

«ለዚህም ነው እርስዎ ያልሆኑት። ዐይኗ ላይ የነበረው አረንጓዴ መነጽር የሠራተኛ እንጂ የደንበኛ አይደለም። እርስዎና ሚስኪ በየቀኑ ለደንበኛ ጥቁሩን ሽፋን ታደርጋላችሁ፤ በድንጋጤም ቢሆን እጃችሁ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ማሽኑ ሲሞከር አረንጓዴውን ራሱ የሚያደርግ፣ ደንበኛ ሲሠራ ግን ክፍሉ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው የተሳሳተው። ሐሩን፣ ማሽን ስትሞክር በስንት ቁጥር ነው የምትከፍተው?»

«እንደ… እንደ ማሽኑ ነው።»

«ትናንት ሁለት ደንበኞችህን ጠየቅኩ። አርባና ሦስት ነው አሉኝ፤ ሐሙስ ስክሪኑ ላይ የነበረውም ይኸው ነው። ለማንኛውም፣ ለዚሁ ነው የጠራሁህ፤ ይህን ማሽን ክፈትልን። እኔ መፍቻ መያዝ አላውቅም።»

ሐሩን ሸሪፋን አየ፤ እሷም እያየችው ነው። እምቢ ለማለት የሚመች ፊት አልነበረም። ማሽኑን ከሶኬት ነቀለ፣ አራቱን ቡሎኖች ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ። ከዚያ እጁ ሳይጠየቅ ወደ ቦርሳው ሄዶ ባለ ጎማ እጀታውን ዘንግ አወጣና ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነካ አደረገ።

«ቆይ» አለች አዝመራ። «ያ ምንድን ነው?»

«ይሄ? ማስወጫ ነው። ከሶኬት ቢነቀልም ውስጡ የተጠራቀመ ኃይል አለ። ሳያስወጡ እጅ ማስገባት…» ቀጥ አለ።

«ጨርሰው።»

«…ሰው ይገድላል።»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ?

«አንድ ቀን እንኳ በዘንጉ ሳትነካ አትጀምርም» አለች አዝመራ በዝግታ። «ሐሙስ ጠዋት ግን አልነካህም። ሐሚዳ ረቡዕ ማታ ደውላ ‹ማሽኑን ፊቴ ክፈተው› አለችህ። ሚስኪ ነጭ ብልጭታ እንደሚታያት ነግራት ነበር። የያግ ብርሃን አይታይም፤ አይደለም ዶክተር?»

«አይታይም» አለ ዶክተሩ፤ ወደ ማሽኑ ቀርቦ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። «ይህ ሌዘር አይደለም። የፍላሽ መብራት ነው። ቀለሙ ሁሉ የተቀላቀለ፣ እንደ ፎቶ ካሜራ ፍላሽ። ለጠይም ፊት… ሮሃን ያቃጠላት ይሄ ነው።»

«ላዩ ላይ ያግ የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ሸጠላችሁ። ለሌሎች አምስት ክሊኒኮችም እንዲሁ። ሐሚዳ ካረጋገጠች ሱቁም ሠርጉም አብረው ሊሄዱ ነው። እና ከፈተላት፤ ኃይሉን ሳያስወጣ። ‹ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ራስሽ አንብቢው› አላት። እሷም በጣቷ እየጠቆመች ለማንበብ እጇን አስገባች። እዚያ ብረት ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ይታያችኋል? የጣቷ ጫፍ ነው። ቃጠሎው ሌባ ጣቷ ላይ አለ፤ ሂናው ስለሸፈነው ለዐይን አልታየም። መርማሪ ሐኪሙ ግን ትናንት አረጋግጧል፤ የገደላት ኤሌክትሪክ ነው።»

«አልገፋኋትም!» ጮኸ ሐሩን። «በገዛ እጇ ነው የነካችው! እኔ አልነካኋትም!»

«ይህንን ለዳኛው ትነግረዋለህ። መግደያውን አዘጋጅተህ ‹እዪው› ማለትህን እኔ እነግርልሃለሁ። ስትወድቅም አልጮህክም። አንስተህ አልጋ ላይ አጋደምካት፣ የሚስኪን ቁም ሳጥን ከፈትክ፣ ለሌላ ሰው ወኅኒ አዘጋጀህ። ከዚያ ሕንፃው ሥር መኪናህ ውስጥ ተቀምጠህ ስልክ ጠበቅክ። በአሥር ደቂቃ የደረስከው ለዚህ ነው።»

ሸሪፋ ተነሳች። ድምጿ ሲወጣ እንደ ሹክሹክታ ነበር።

«እግሯን ገለጥክ» አለችው። «እህቴ… ከባሏ በቀር ወንድ ያላየውን እግሯን፣ ሞታ ሳለች ገልጠህ ቀባኸው። ከዚያ መጥተህ ትከሻዬን ያዝክ።»

ሐሩን ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ለሚስኪ ይዞት የመጣውን ካቴና ለእሱ ተጠቀመበት።

ከወጣ በኋላ ዶክተር ተስፋማርያም ሚስኪ ፊት ቆመ። «በድዬሻለሁ» አለ። ከዚያ ወደ መዝገቡ ሄዶ የሮሃን ገጽ ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ከሦስት ሳምንት በፊት ማንበብ የነበረበትን።

ሚስኪ ግን ይቅርታውን የሰማች አትመስልም። «ኢንስፔክተር» አለች፣ «ሮሃንም… ያቃጠልኳት እኔ አይደለሁማ?»

«ቁጥሩን ለጠይም ሰው በሚሆነው ሞልተሻል። የዋሸሽ ማሽኑ ነው። እጅሽ አላጠፋም።»

ያን ጊዜ ሚስኪ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ጉንጭ በሕልሟ ስታየው እንደኖረች አዝመራ አልጠየቀቻትም፤ ማየት ብቻ በቂ ነበር። እሷም ዐይኗ እንባ አቅርሮ፣ የአገጯን ፀጉር የምትፈልግ መስላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሸሪፋ ጠባቡ አልጋ ጠርዝ ላይ፣ እህቷ የተጋደመችበት ላይ ተቀመጠች። ለእሑድ የተሳሉትን እጆቿን ጭኗ ላይ ዘረጋቻቸው። ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። ሐሚዳም ይህንኑ ሂና እንደተቀባች ነው አፈር የገባችው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሳህን ላይ ተበጥብጦ የተቀቡት ነው።

«ሚስኪ» አለች፣ «ይሄን የሚያስለቅቅ ሌዘር አለ?»

ሚስኪ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና አጠገቧ ተቀመጠች። «የለም። ሂና ላይ ብርሃን ከመቱበት ያቃጥላል።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ምንም። በራሱ ጊዜ ይለቃል። ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት።»

የሸሪፋን ሁለት እጆች በእጆቿ ያዘቻቸው። ታች ረዳቶቹ «ገርጂ! ገርጂ!» ይላሉ። አዝመራ በሩን ቀስ ብላ ዘግታባቸው ወጣች።